የብሮድባንድ ውል በመሃል ሲቀየር ደንበኛው ምን መብት አለው?

መደበኛ ብሮድባንድ፣ ማለትም እስከ ቤት ወይም ሱቅ የሚዘልቅ ኢንተርኔት፣ ያስገባ ሰው አንድ ቀን በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል። መልእክቱ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምርና ከሚቀጥለው ወር አንስቶ ወርኃዊ ክፍያው ወይም የአገልግሎቱ ሁኔታ እንደሚለወጥ ያስታውቃል። አብዛኛው ሰው አንብቦ፣ ትንሽ አጉረምርሞ ያልፈዋል፤ ድርጅቱ አንዴ የወሰነውን እኔ ምን አደርገዋለሁ የሚል እምነት አለና። በሕግ ዓይን ግን ያ መልእክት ውሳኔ አይደለም። ከአንዱ ተዋዋይ ለሌላው የቀረበ ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ተቀባይ ሊያገኝም ላያገኝም ይችላል። ደንበኛው ያንን ሐሳብ መቼ እንቢ ማለት እንደሚችል፣ እንቢታውን በምን መልክ ማስቀመጥ እንዳለበትና ዝም ካለ ምን እንደሚያጣ ከዚህ በታች ይብራራል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የውሉ ዓይነት ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በሞባይል ጥቅል ነው። የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ጥቅል የሚገዛ ሰው ጥቅሉ ባለቀ ቁጥር አዲስ ግዢ ስለሚፈጽም፣ የሚቀጥለው ወር ዋጋ ቢጨምር የተቀየረበት ውል የለም፤ ዋጋውን ካልወደደው አለመግዛት ነው። የተገዛው ጥቅል ሳያልቅ መጠኑ ወይም የአገልግሎት ጊዜው ቢቀነስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የተከፈለበትን ሳያስረክቡ መቅረት ውል ማፍረስ ነው። እዚህ የምንነጋገረው በዋናነት በፋይበር ወይም በመዳብ መስመር፣ አንዳንዴም በገመድ አልባ ራውተር እስከ ቤትና ሱቅ ስለሚገባው፣ በፊርማ ስለተያዘውና ወር በወር ሒሳብ ስለሚጠየቅበት ውል ነው።

ይህ ውል ሁለት መልክ ይኖረዋል። አንደኛው ጊዜ የተቆረጠለት ነው፤ ለምሳሌ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ተፈርሞ ደንበኛው ቀድሞ ቢያቋርጥ ቅጣት የሚከፍልበት። ሁለተኛው ማብቂያ ያልተቀመጠለት፣ እስኪቋረጥ ድረስ የሚቀጥል ነው። በሁለተኛው ዓይነት ማንኛውም ወገን በቂ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ስለሚችል ደንበኛው ነፃ ቢመስልም፣ ድርጅቱም በዚያው በር መውጣት እንደሚችል አይዘነጋ። ጠንካራው አቋም ያለው በመጀመሪያው ዓይነት ነው። ጊዜው እስኪያልቅ እኔ ያለ ቅጣት መውጣት ካልቻልኩ፣ ድርጅቱም እስከዚያው ዋጋውን ብቻውን መቀየር የለበትም የሚለው ክርክር በማንኛውም ዳኛ ፊት ክብደት ይኖረዋል።

የክርክሩ መሠረት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ ያስገድዳል ይላል። አንቀጽ 1764 ደግሞ ውሉ የሚፈጸምበት ሁኔታ ተለውጦ የአንደኛው ወገን ግዴታ አስቀድሞ ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ ጸንቶ እንደሚቆይ ይደነግጋል። የውጭ ምንዛሪ ተወደደ፣ ነዳጅ ጨመረ፣ የመሣሪያ ዋጋ ናረ የሚለው ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን የተፈረመን ዋጋ ለመቀየር ሥልጣን አይሰጥም። ውሉን የሚለውጡት ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ነው።

ስምምነቱ የሚገለጽበት መንገድ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይናገራል፤ ይህን ብቻ ያነበበ ሰው መልስ ባለመስጠቱ የተጠበቀ ይመስለዋል። ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው አንቀጽ 1684 ግን በመካከላቸው አስቀድሞ ውል ላላቸው ሰዎች የተለየ ሥርዓት አበጅቷል። ነባሩን ውል ለመቀጠል፣ ለመለወጥ ወይም ተጨማሪ ውል ለማድረግ የቀረበ ሐሳብ በተገቢው ጊዜ ውስጥ እንቢታ ካልገጠመው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠራል። ይህ እንዲሆን ግን ሐሳቡ ለዚሁ ጉዳይ በተዘጋጀ ልዩ ጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ሐሳቡ የቀረበለት ሰውም በተገቢው ጊዜ ካልተቃወመ እንደተቀበለ እንደሚቆጠርበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ብልኀት ለሌላ ቦታ ይቆየን፤ እዚህ አፉን የዘጋ ሰው አዲስ ዋጋ ሊገባበት ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። «ታሪፍ ተሻሽሏል» ብቻ የሚል፣ ካልተቃወሙ እንደተስማሙ ይቆጠራል የሚል ቃል የሌለበት መልእክት የደረሰው ደንበኛ፣ የሕጉ ቅድመ ሁኔታ ስላልተሟላ ዝምታዬ ስምምነት አይሆንም ብሎ መከራከር ይችላል። በአንጻሩ ያ ቃል በግልጽ ከተጻፈ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ሕጉ «ተገቢ ጊዜ» ከማለት በቀር ቀን አልቆረጠም፤ እንደየጉዳዩ ሁኔታ የሚመዝነው ዳኛው ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስተዋይ ደንበኛ በአዲሱ ዋጋ የተሠራው የመጀመሪያ ሒሳብ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ መልእክቱ በደረሰ በሳምንቱ ውስጥ በጽሑፍ መልስ የሰጠን ሰው ዘገየህ የሚለው አይኖርም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራ ሰው አለ እንበል። ለሁለት ዓመት የተፈረመው ውሉ ወርኃዊ ክፍያው 1,500 ብር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት፣ አጠቃቀሙም ያልተገደበ እንደሆነ ይገልጻል። ከሰባት ወር በኋላ መልእክት ይደርሰዋል፤ ዋጋው 1,950 ብር ይሆናል፣ በወር 200 ጊጋ ባይት ከተጠቀመ በኋላም ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋ ቢት ዝቅ ይላል። የዋጋው ጭማሪ 30 በመቶ ነው፤ በቀሩት 17 ወራት ሲባዛ 7,650 ብር ይሆናል። ይህ ለሁሉም ወዲያው ይታያል። ለዚህ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ለውጥ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ 100 ሜጋ ባይት የሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ከነሥዕሎቹ በ10 ሜጋ ቢት መስመር በ80 ሰከንድ ሲወርድ፣ በ2 ሜጋ ቢት ግን 400 ሰከንድ፣ ማለትም ከስድስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወር መጨረሻ ተሰልፈው በሚጠብቁበት ቤት ይህ የገበያ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ሲቃወም ስለ ዋጋው ብቻ ጽፎ የአጠቃቀም ገደቡን መርሳት የለበትም፤ ያልተቃወመው ለውጥ እንደተቀበለው ሊቆጠርበት ይችላል።

ባለ ሱቁ ተቃውሞውን ይዞ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ውሉን ያንብቡት» የሚል ነው። በታተመው ቅጽ መጨረሻ አካባቢ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ድርጅቱ ታሪፉንና የአገልግሎቱን ሁኔታ በማንኛውም ጊዜ ሊያሻሽል ይችላል የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ይገኛል። እውነቱን ለመናገር ይህ ዓረፍተ ነገር ለደንበኛው ከባዱ እንቅፋት ነው፤ ሆኖም የክርክሩ መጨረሻ አይደለም። አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን የሚገለገልባቸው ጠቅላላ የንግድ ውል ሁኔታዎች፣ ሌላው ወገን ካላወቃቸውና ካልተቀበላቸው በቀር እንደማያስገድዱት ይናገራል። ቅጹ ተሰጥቶት ከፈረመበት አላውቀውም ማለት ያስቸግረዋል፤ ፊርማው ያረፈው በአንድ ገጽ ማመልከቻ ላይ ብቻ ሆኖ ዝርዝሩ በሌላ ቦታ የሚገኝ ከሆነ ግን ጥያቄው ክፍት ነው። አንቀጹ አንድ ልዩ ሁኔታም አለው፤ ሁኔታዎቹ በመንግሥት ባለሥልጣን የተወሰኑ ወይም የጸደቁ ከሆኑ ደንበኛው ባያውቃቸውም ያስገድዱታል። ስለዚህ ድርጅቱ «ይህ የጸደቀ ነው» ሲል፣ ማን፣ መቼና በየትኛው ደብዳቤ እንዳጸደቀው መጠየቅ ተገቢ ነው። በተጨማሪም አንቀጽ 1738 አጠራጣሪ የሆነን የውል ቃል፣ በተለይ አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ሌላው እንዲቀበለው ባደረገው ቅጽ ላይ ያለውን፣ ቅጹን ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ መተርጎም እንዳለበት ያመለክታል። «ሊያሻሽል ይችላል» የሚለው ቃል ደንበኛውን ሳይጠይቁ ጭምር ነው ወይስ በሕጉ ሥርዓት አስታውቆና አስፈቅዶ? ቃሉ ይህን ካልለየ ትርጉሙ ወደ ደንበኛው ማዘንበል አለበት። በዚያው ቅጽ ውስጥ ውሉ የሚሻሻለው በሁለቱ ወገኖች ስምምነት በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው የሚል አንቀጽ አብሮ የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ከተገኘ የደንበኛው ሥራ በግማሽ ይቀላል።

አስቀድሞ በውሉ የተጻፈ ጭማሪ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የእንግሊዝ ታሪክ ያሳያል። በርካታ ትልልቅ የብሮድባንድ አቅራቢዎች በውላቸው ውስጥ በየዓመቱ የዋጋ ግሽበቱ መጠን ላይ 3.9 በመቶ ተደምሮ እንደሚጨመር ይጽፉ ነበር። ግሽበቱ ዝቅ ባለ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአገሪቱ የሸማቾች ዋጋ ግሽበት 10.5 በመቶ ሲደርስ ግን በ2023 ጸደይ የተጨመረው 14.4 በመቶ ሆነ፤ 30 ፓውንድ ይከፍል የነበረ ደንበኛ 34 ፓውንድ ከ32 ፔንስ ተጠየቀ። ደንበኛው ያለ ቅጣት ልውጣ ቢል፣ ጭማሪው በውሉ የተጻፈ ስለሆነ የተለወጠ ነገር የለም የሚል መልስ ያገኝ ነበር። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከጥር 17 ቀን 2025 ጀምሮ በሚፈረሙ አዳዲስ ውሎች ከግሽበት ጋር የታሰረ ጭማሪን ከለከለ። አቅራቢው በውሉ መሃል ዋጋ መጨመር ከፈለገ ምን ያህል ፓውንድና ፔንስ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጨምር ከፊርማ በፊት መናገር አለበት። ልብ በሉ፤ የተከለከለው መጨመሩ አይደለም፣ ደንበኛው ሊያሰላው በማይችል ቀመር መጨመሩ ነው። ውል ለመፈረም የተዘጋጀ የኛ ሰውም ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። «በማንኛውም ጊዜ» የሚለው አገላለጽ ካልተቀየረልኝ አልፈርምም ማለት ባይሆንለት እንኳ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው እንደማይቀየር አንድ መስመር ተጽፎ ማኅተም እንዲያርፍበት መጠየቅ ይችላል። ለድርጅቶችና ለትምህርት ቤቶች ይህ ብዙ ጊዜ የሚሞከር ነገር ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ያለው መድኃኒት በዋናነት መውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 105 አቅራቢው ለውጡን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውቅና ደንበኛው ያለ ተጨማሪ ወጪ ውሉን ማቋረጥ እንዲችል ያዛል። ለውጡ ለደንበኛው ጥቅም ብቻ ከሆነ፣ ደንበኛውን የማይጎዳ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ከሆነ፣ ወይም በቀጥታ ከሕግ የመጣ ከሆነ ግን ይህ መብት የለም። የመጨረሻው ለእኛም ይጠቅማል፤ መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስ መጣኔን ከ15 በመቶ ቢያሳድግ ልዩነቱ በሒሳቡ ላይ መታየቱ የአቅራቢው ፈቃድ ስላልሆነ፣ በዚያ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን ግን ማየት ያስፈልጋል።

የመውጣት መብት ትርጉም የሚኖረው መሄጃ ሲኖር ነው። ለንደን ውስጥ አንዱን የተወ ሰው በማግስቱ ሌላ አቅራቢ ያገኛል። በኢትዮጵያም ገበያው የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚሁ አዋጅ ሲሆን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን የነበረበት ዘመን አብቅቷል። ይሁን እንጂ በሞባይል ተወዳዳሪ መኖሩ በየሱቁ ደጃፍ ሁለተኛ የፋይበር መስመር አለ ማለት አይደለም። ሌላ መስመር በማይገኝበት ወረዳ የሚኖር ደንበኛ «ካልተስማማህ አቋርጥ» ሲባል «ያለ ኢንተርኔት ቅር» እንደተባለ ይቆጠራል። በሰሜን ሸዋ ላለ ደንበኛ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ ሌላኛው መብት ነው፤ ውሉን ባለበት ማስፈጸም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1771 አንደኛው ወገን ውሉን ካልፈጸመ ሌላው እንዲፈጽም ወይም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል፣ ከዚህም ጋር ለደረሰበት ጉዳት ካሳ ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ምርጫው የተጎዳው ወገን ነው። ባለ ሱቃችን «አቋርጡልኝ» ከማለት ይልቅ «እስከ ውሉ ማብቂያ በ1,500 ብር፣ በ10 ሜጋ ቢት፣ ያለ ገደብ ስጡኝ» ቢል ይሻለዋል።

ከለውጥ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ምንም ማስታወቂያ ሳይመጣ፣ ዋጋውም ሳይቀየር፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ የሚሄድበት ሁኔታ የውል ለውጥ ሳይሆን የውል አለመፈጸም ነው፤ ደንበኛው የሚቃወመው ሐሳብ አልቀረበለትም፣ ስለዚህ 1684 አይነካውም። እዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። ፍጥነት ሲለካ ኮምፒዩተሩ በኬብል ከራውተሩ ጋር መገናኘት አለበት፤ በዋይፋይ የተለካ ውጤት ሲቀርብ ግድግዳው ነው፣ ርቀቱ ነው፣ ስልኩ ነው ይባላል። ሌሎች መሣሪያዎች ከራውተሩ ተላቀው፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየተለካ የማያ ገጹ ፎቶ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይቀመጥ። ውሉ «እስከ 10 ሜጋ ቢት» ይላል ወይስ «10 ሜጋ ቢት»? የመጀመሪያው ጣሪያ ነው፣ ሁለተኛው ግዴታ ነው፤ ክርክሩም በዚያው ልክ ይለያያል።

ወደ ተቃውሞው እንመለስ። በደንበኞች አገልግሎት ስልክ ደውሎ መናገር ጥሩ ነው፣ የአቤቱታ ቁጥር ከተሰጠም መመዝገብ ነው፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ የሚያድነው ወረቀት ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። የሚከተለው ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የውል ለውጥን አለመቀበሌን ስለማሳወቅ። ከድርጅቱ ጋር በቀን ____ በተፈረመ የውል ቁጥር ____ መሠረት የብሮድባንድ አገልግሎት ተጠቃሚ ነኝ። በቀን ____ በአጭር መልእክት የተገለጸልኝን የወርኃዊ ዋጋ ጭማሪና የአጠቃቀም ገደብ ያልተቀበልኩ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1684 መሠረት እያሳወቅሁ፣ አገልግሎቱ በነባሩ ውል ዋጋና ሁኔታ እስከ ውሉ ማብቂያ እንዲቀጥልልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላ በአዲሱ ዋጋ የምፈጽመው ክፍያ ቢኖር አገልግሎቱ እንዳይቋረጥብኝ የተደረገ እንጂ ለውጡን መቀበሌን አያመለክትም።»

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንደኛው ለድርጅቱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረጋል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትቶ መያዝ ነው። ቅርንጫፉ አልቀበልም ካለ፣ ወይም ደንበኛው ያለበት ከተማ ቅርንጫፍ ከሌለው፣ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ልኮ ደረሰኙን ማስቀመጥ ይቻላል። አንዳንዶች ይህን ለራፖር ጸሐፊ ይሰጡታል፤ ክፋት የለውም፣ ብቻ የውሉን ቁጥርና ሁለቱንም ለውጦች መጻፉን አንብቦ መፈረም ነው።

የክፍያው ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። አዲሱን ዋጋ ወር በወር ዝም ብሎ የከፈለ ሰው፣ በኋላ አልተስማማሁም ቢል የራሱ ደረሰኞች ይመሰክሩበታል። በተቃራኒው ከነጭራሹ መክፈል ያቆመ ሰው ውል ያፈረሰው እሱ ነው ይባልና መስመሩ ይቆረጣል። የሚሻለው ነባሩን ዋጋ በወቅቱ መክፈል፣ ሥርዓቱ ከፊል ክፍያ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ከፍሎ በደብዳቤው እንደተመለከተው መብትን ማስጠበቅ ነው። ልዩነቱን በኋላ ለማስመለስ እያንዳንዱ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ በሞባይል የተከፈለ ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱ እንዳይጠፋ።

ድርጅቱ መልስ ካልሰጠ ወይም እንቢ ካለ የሚቀጥለው በር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሸማቾችን ጥቅም ማስጠበቅ ከሥራዎቹ አንዱ ስለሆነ አቤቱታ ይቀበላል፤ ደንበኛው መጀመሪያ ለአቅራቢው አመልክቶ እንደነበር ማሳየቱ ጉዳዩን ያፋጥናል፣ ለዚህም ነው ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ዋጋ ያለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ «ያልተገደበ» ተብሎ የተሸጠ አገልግሎት ገደብ ሲወጣበት ይህ ድንጋጌ ሊጠቀስ ይችላል።

ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ከሆነ በመጀመሪያ በአንቀጽ 1772 መሠረት ለድርጅቱ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ከላይ ያለው ደብዳቤ ውሉ እንዲፈጸም በግልጽ የሚጠይቅ ስለሆነ ለዚህም ሊያገለግል ይችላል። ብዙዎች ነገሩ የፌዴራል ነው፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ሊኖር ነው ብለው ይተዉታል። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ደርበው ይሠራሉ፤ ስለዚህ የመንዝ ወይም የይፋት ሰው በቅድሚያ ደብረ ብርሃን በሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠይቆ መረዳት ይችላል። አስቀድሞ መታየት ያለበት በውሉ ውስጥ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው የትኛው ቦታ ያለ ፍርድ ቤት እንደሆነ የሚወስን፣ ወይም ጉዳዩን ለግልግል ዳኝነት የሚሰጥ አንቀጽ መኖር አለመኖሩ ነው፤ እንዲህ ያለው አንቀጽ ካለ ክሱ የሚጀመርበትን ቦታ ሊቀይረው ይችላል።